«ማገላበጥ ሲባል ጠዋትና ማታ መስሎኝ»፦ ነርሶች አስታማሚዎችን እንዴት እናግዝ?

ሜዲካል ዋርድ የሠራችሁ ነርሶች ሁሉ ይህችን ሴት ታውቋታላችሁ። አባቷ በስትሮክ ወድቀው አልጋ ላይ ናቸው። እሷ ማታ አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ ጋቢ ለብሳ ትተኛለች፣ ጠዋት የሐኪሞች ራውንድ ሲጀመር ውጪ ትባልና ኮሪደር ላይ ትቆማለች፣ መድኃኒት ሲታዘዝ ፋርማሲ ትሮጣለች፣ ናሙና ሲወሰድ ላብራቶሪ ታደርሳለች፣ በመሃል ደግሞ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ትመለሳለች። ካርዱ ላይ ስሟ የለም። እኛም «የ6 ቁጥር አስታማሚ!» ብለን ነው የምንጠራት።

የምሠራው አዳማ ነው። ይህን የምጽፈው በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ያጠፋሁት ጥፋት እስከ ዛሬ ስለሚያመኝ ነው። አርብ ከሰዓት፣ ዋርዱ በተጨናነቀበት ሰዓት፣ አንድ አባት ዲስቻርጅ ሆነው ቤት እንዲገቡ ተፈቀደ። ለልጃቸው በር ላይ ቆሜ «እያገላበጥሽ፣ ንጽሕናቸውን ጠብቂ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ስጪ» አልኳት። እሺ ሲስተር ብላ መርቃኝ ሄደች። በሦስተኛው ሳምንት በባጃጅ ይዛቸው መጣች። መቀመጫቸው ላይ የወጣው የአልጋ ቁስል አጥንት ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ልጅቷ ምን አለችኝ? «ሲስተር፣ ማገላበጥ ሲባል ጠዋትና ማታ መስሎኝ ነበር።» ሰነፍ አልነበረችም። የገባትን በሙሉ አድርጋለች። ነገርኳት እንጂ አላሳየኋትም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

በሽተኛው ቤት ሲገባ ነርሷ አስታማሚዋ ናት። እኛ ጋ ባለችባቸው ጥቂት ቀናት እጇን ማስለመድ የኛ ሥራ ነው። እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ።

ማን እንደሚያስታምም እወቁ

አስታማሚ ሁሌ ልጅ አይደለም። ምራት ልትሆን ትችላለች። የልጅ ልጅ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ወይም እሳቸው ራሳቸው ጉልበት የሚያማቸው የሰባ ዓመት ሚስት ሊሆኑ ይችላሉ። ዋርድ ውስጥ የሚያናግራችሁ ሰውና ቤት ውስጥ የሚያገላብጠው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ትልቁ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሐኪሙን ይጠይቃል፣ ይፈርማል፣ ይከፍላል፤ ሌሊት የምትነሳዋ ግን ከኋላው ዝም ብላ የቆመችው ምራት ናት። ስለዚህ በቀጥታ ጠይቁ፦ «ቤት ስትገቡ ሌሊት አብሯቸው የሚያድረው ማነው?» የሚጠራውን ሰው ስምና ስልክ ቻርቱ ላይ ጻፉ። ከዚያ በኋላ በስሟ ጥሯት። እህቴ፣ እናቴ ማለትም ያምራል፣ ግን ስሟን ስትጠሩላት ፊቷ ሲለወጥ ታያላችሁ።

ቋንቋም አትርሱ። አዳማ ላይ በአማርኛ እሺ እሺ የምትለዋ ሴት ኦሮምኛ ብትሰማ አሥር ጥያቄ ሊኖራት ይችላል። ኦሮምኛ ካልቻላችሁ የሚችል ባልደረባ ጥሩ። እንዲተረጉም የበሽተኛውን የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጅ አታስቁሙ፤ ስለ አያቱ ሽንትና ሰገራ መናገር ለልጅ ከባድ ነው።

አሳዩ፣ አብራችሁ ሥሩ፣ ከዚያ ቆማችሁ እዩ

የዲስቻርጅ ቀን ለማስተማር የመጨረሻው መጥፎ ቀን ነው። ሒሳብ አለ፣ መኪና ፍለጋ አለ፣ መድኃኒት ግዢ አለ። የነገራችኋት ነገር አንዱም አይገባም። እኔ በሽተኛው በተኛ በማግስቱ እጀምራለሁ። ገላ ሳጥብ «ነይ፣ ያዥልኝ» እላታለሁ። በሁለተኛው ቀን አብረን እንሠራለን። በሦስተኛው እሷ ትሠራለች፣ እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ አያለሁ። ተጨማሪ ጊዜ አይወስድም፤ ያው ልሠራው የነበረ ሥራ ነው።

«ገባሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ። አልገባኝም የሚል ሰው የለም፤ በኛ ባህል ባለሙያን አልገባኝም ማለት ነውር ይመስላል። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «ማታ ወንድምሽ ሲመጣ ይህን እንዴት አድርገሽ ትነግሪዋለሽ? እስቲ ንገሪኝ።» ያኔ የጎደለው ይወጣል። ከጎደለም «በደንብ አላስረዳሁሽም» በሉና ድገሙት። እኔ ያቺን ልጅ ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ ጠዋትና ማታ ማለቷን እዚያው በሩ ላይ እሰማ ነበር።

የአልጋ ቁስል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ አረጋውያንን ከቤት ወደኛ የሚመልሳቸው ይሄ ነው።

ቀን ቀን በየሁለት ሰዓቱ ጎን መቀየር። በየሁለት ሰዓቱ ብላችሁ ብቻ ግን አትተዉት። ሰዓት የማታይ ሴት ብዙ ናት። ከቤቷ ውሎ ጋር እሰሩላት፦ ቁርስ ሲበላ በቀኝ፣ ቡና ሲፈላ በጀርባ፣ ምሳ ሲቀርብ በግራ። አንዲት እናት አዛን በተባለ ቁጥር አገላብጥ ነበር ብለውኛል፤ በመሃል ያለውን ሰፊ ክፍተት ከምግብ ሰዓት ጋር አያይዘን ሞላነው። ሌሊትስ? ሌሊቱን ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ ተነሺ ብላችሁ አንዲት ብቸኛ ሴት ብታዙ በሳምንቱ እሷም ትወድቃለች። ፍራሹ ወፍራም ከሆነና ጠዋት ቆዳው ላይ ለውጥ ካልታየ ሌሊት ላይ ሰዓቱን ሰፋ ማድረግ ይቻላል። ይህን አብራችኋት ወስኑ፣ እንዲሁ እንድትገምት አትተዉአት።

ቆዳ ማየትን አስተምሯት። መጻሕፍቱ «ቀይ ምልክት» ይላሉ፤ በኛ ቆዳ ላይ ቀዩ ብዙ ጊዜ አይታይም። ጠቆር ያለ፣ ወይም ወይን ጠጅ የመሰለ፣ ከአካባቢው የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ ሲነካ የጠነከረ ወይም የላላ ቦታ ፈልጊ በሏት። እጇን ይዛችሁ ተረከዛቸው ላይ፣ ዳሌያቸው ላይ፣ ከወገብ በታች ባለው አጥንት ላይ አስነኳት። እጅ የነካውን አይረሳም።

በደግ ልብ የሚሠሩ፣ ግን የሚጎዱ ነገሮችም አሉ። አንሶላ እንዳይበላሽ ላስቲክ በቀጥታ ከሰውነት ሥር ማንጠፍ አንዱ ነው። በአዳማ ሙቀት ላስቲክ ላይ የተኛ ሰው በላብ ይነከራል፣ ቆዳው ይላላል፣ ቶሎ ይላጣል። ላስቲኩ የግድ ከሆነ በላዩ ላይ የታጠፈ የጥጥ ጨርቅ ወይም አሮጌ ነጠላ ይደረግ፣ ሲረጥብም ወዲያው ይቀየር። ሌላው ጨርቅ እንደ ማቶት ጠምጥሞ መቀመጫ ሥር ማድረግ ነው፤ ዙሪያውን ይጫንና ደም እንዳይደርስ ያደርጋል። የጠቆረውን ቦታ በቫዝሊን አጥብቆ ማሸትም እንዲሁ ይጎዳል። ለተረከዝ ደግሞ እኛው ራሳችን ዋርድ ውስጥ ጓንት ውኃ ሞልተን ሥሩ እናደርግ ነበር። ተዉት። ትራስ በባት ሥር ርዝመቱን አድርጉና ተረከዙ አየር ላይ ይንሳፈፍ። ይህን ያየች ሴት ቤቷ ሄዳ በጋቢ ታደርገዋለች።

ማንሳት፣ ማብላት

ስትሮክ የመታውን ሰው በሰነፈው እጁ ወይም በብብቱ ይዞ መጎተት ትከሻውን ያወልቃል። አንሶላ አራት አጥፋችሁ ከትከሻ እስከ ዳሌ ሥራቸው አንጥፉና ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ያንሸራት። ለማስቀመጥ ደግሞ መጀመሪያ በጎን፣ ከዚያ እግር ከአልጋው ወደ ታች፣ ከዚያ ቀና። የምታነሳዋ ጉልበቷን ትጠፍ እንጂ ወገቧን አትጠፍ። የአስታማሚ ወገብ ከተያዘ ቤቱ ሁለት በሽተኛ አለው ማለት ነው።

የአካባቢያችን አንድ የተለየ ነገር አለ። አጠገባችን ያለው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ ሠርተው፣ የጉድጓድ ውኃውን ጠጥተው ጡረታ የወጡ አባቶች እኛ ጋ ይመጣሉ። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ያለው ብዙ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ጥርስ ከማበላሸት አልፎ አጥንትም ያደርቃል፤ አንዳንዶቹ አንገታቸውና ወገባቸው እንደ እንጨት ደርቆ አይታጠፍም። እነዚህን አባቶች በግድ ቀና ለማድረግ መሞከር ያሳምማቸዋል። ጭንቅላትና ወገብ አንድ ላይ፣ እንደ አንድ ግንድ ነው የሚዞሩት። ቤተሰቡ «አባባ እምቢ ይላሉ» ካለ መጀመሪያ አጥንታቸውን አስቡ።

ማብላት ላይ አንድ ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ። ተኝቶ መብላት የለም። እናት ልጇን እንደምታጠባ ጋደም አድርገው አጥሚት በማንኪያ የሚያንቆረቁሩ ብዙ ናቸው፣ ከፍቅር ነው፣ ግን ወደ ሳንባ ይገባል። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ አገጭ ትንሽ ወደ ታች፣ በትንሽ ማንኪያ፣ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይምጣ፣ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይጋደሙ ይቆዩ። ሲበሉ የሚያስላቸው ወይም ድምፃቸው ውኃ ያዘለ የሚመስል ከሆነ ወደኛ ይምጡ።

መድኃኒቱ

«በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል አድርጊና አምጪ።» ይህን ጠይቁና የሚመጣውን እዩ። አንዱ መድኃኒት በሁለት የንግድ ስም ከሁለት ፋርማሲ ተገዝቶ ሁለቱም እየተዋጠ ታገኛላችሁ። ግፊትና ኩላሊት ላለባቸው ሰው ለጉልበት ሕመም ተብሎ በየቀኑ የሚዋጥ ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ታገኛላችሁ፤ ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ያለፈበትም አይጠፋም። እዚያው አብራችሁ ለዩና የሚያጠራጥረውን ለሐኪሙ ንገሩ።

ከዚያ ሰዓት። ማዘዣው ላይ በፈረንጅ 8 ሰዓት የተጻፈውን አስታማሚዋ በሀበሻ 8 ሰዓት፣ ማለትም ከምሳ በኋላ ታነበዋለች። ሁሌ በኛ አቆጣጠር ጻፉ፣ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት» ብላችሁ። የቀጠሮውንም ቀን በኛ የዘመን አቆጣጠር። ማንበብ ለማትችል ፓኮው ላይ ፀሐይና ጨረቃ ሳሉ።

ኢንሱሊን ካለ ፍሪጅ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ ደግሞ አዳማ ላይ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ከሰዓት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ውኃ በነካው አሸዋ የተሞላ የሸክላ ገንቦ ጥላ ቦታ ማስቀመጥ ብዙ ይረዳል፤ ብልቃጡ ግን በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ውኃ እንዳይነካው። የተከፈተው ለአራት ሳምንት ያህል ነው የሚያገለግለው፣ የተከፈተበት ቀን ይጻፍበት። በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ይጣላል። ስኳር ሲወርድ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መቀባዠር ይመጣል። መዋጥ ከቻሉ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መለካት፣ ካልተሻለ መድገም። ራሳቸውን ከሳቱ አፋቸው ውስጥ ምንም አይገባም፣ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

ጾምና ጸበል ላይ አትጣሉ። ጸበል ይጠመቁ፣ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ፣ በቃ። ሑዳዴ ሲመጣ ስኳር ያለባቸው እናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም ካሉ ልጃቸው ብትለምናቸውም አይሰሟትም፤ የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ይሰማሉ። ረመዳን ላይም ለኢማሙ እንዲሁ። አስታማሚዋን «ከሳቸው ጋር አገናኚኝ» ብላችሁ አንድ ስልክ ደውሉ። ከስንት ጭቅጭቅ ታድኗታላችሁ።

«ጃጅተዋል» ሲሏችሁ

ትላንት የልጆቻቸውን ስም በሙሉ የጠሩ እናት ዛሬ ማታ ግድግዳው ላይ ሰው አየሁ ካሉ ያ እርጅና አይደለም። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ መቀባዠር የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውኃ እጥረት፣ የሆድ ድርቀት ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛው ይታከማል። በወራት ቀስ እያለ የመጣው ነው የመርሳት በሽታ ሊሆን የሚችለው። ይህን አንድ ልዩነት ብቻ ቤተሰቡ ቢያውቅ ስንቱ በጊዜ ይመጣ ነበር።

የመርሳት በሽታ ሲሆን ደግሞ አስታማሚዋን የሚያደክማት ክርክሩ ነው። እናትየው «እናቴ ጋ ውሰዱኝ» ይላሉ። «እማማ፣ እናትሽ ከሞቱ አርባ ዓመት ሆናቸው» ስትላቸው እንደ አዲስ መርዶ ያለቅሳሉ። እውነቱን መንገር ግዴታ አይደለም በሏት። «እናትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? ምን ይሠሩ ነበር?» ብላ ትጠይቅ፣ እሳቸውም ያወራሉ፣ ይረጋጋሉ። ከቤት የሚወጡ ከሆነ ደግሞ ልብሳቸው ውስጥ ስልክ ቁጥር ይሰፋ፣ ሰፈሩ ላይ ለሚቆሙት የባጃጅ ልጆችም ይነገር። የነዚያ ልጆች ዓይን ከአጥር ይበልጣል።

አንቺስ?

ይሄን ነው ብዙዎቻችን የምንዘለው። «ደክሞሻል?» ብትሏት «ኧረ በፍጹም፣ አባቴ አይደሉ» ነው የምትላችሁ። መጦር ምርቃት ነው፤ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ እየተባለ ያደገ ሰው ደከመኝ ማለት እርግማን የሚያመጣበት ይመስለዋል። ስለዚህ ስለ ድካም አትጠይቁ። «ትላንት ስንት ሰዓት ተኛሽ? ስንቴ ተነሳሽ? ዛሬ ምን በላሽ?» በሉ። ቁጥር አይዋሽም። የዛሪት መጠይቅ የሚባል የአስታማሚ ጫና መለኪያ አለ፣ 22 ጥያቄ ነው፣ ዋርድ ውስጥ ጊዜ አይኖራችሁም፤ እነዚህ ሦስቱ ግን ደም ሥር እየፈለጋችሁ የሚጠየቁ ናቸው። ወንበር ስጧት። የአባቷን ግፊት ስትለኩ የሷንም ለኩ። እኔ ስለካ የራሷ ግፊት ከአባቷ በልጦ የተገኘች ሴት አጋጥማኛለች፤ መድኃኒቷን ካቆመች ወራት አልፏት ነበር፣ «ለአባዬ ስገዛ አልተረፈም» አለች።

ከዚህ በኋላ ያላችሁ ትልቁ መሣሪያ የለበሳችሁት ጋውን ነው። እህቷ ከአረብ አገር ትደውላለች፣ ወንድሟ ከአዲስ አበባ ያዛል፣ ሁሉም ብር ይልካል፣ ሌሊት የሚነሳ ግን የለም። እሷ አግዙኝ ብትል «ሰለቻት» ይባላል። እናንተ ግን ትላላችሁ። ቤተሰቡ ሲሰበሰብ፣ እሷ ባለችበት፣ እንዲህ በሉ፦ «እሳቸው ሃያ አራት ሰዓት ሰው ይፈልጋሉ። አንድ ሰው ብቻውን አይችልም። ማክሰኞና ቅዳሜ ሌሊት የማነው?» ቀኑን በቁርጥ ጠይቁ፣ እናግዛታለን የሚል መልስ አትቀበሉ። ሩቅ ያለው ሊያድር ባይችል ማታ ማታ የምታድር ሰው ይቅጠር፣ ወይም መድኃኒቱንና ቀጠሮውን ይያዝ። ቤት ከገባች በኋላ «ሲስተር እንዲህ ብላለች» ማለት ትችላለች፤ ያ ቃል ለሷ ጋሻ ነው።

ጎረቤትም አለ። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይዞ ይመጣል። በሕይወት እያሉ ግን ከእድሩ ሴቶች አንዷ በሳምንት ሁለት ሰዓት መጥታ ብትቀመጥ ልጅቷ ገበያ ትወጣለች፣ ፀጉሯን ትሠራለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። ብዙ ሰው የማይመጣው ስላልተጠየቀ ነው። እንድትጠይቅ አደፋፍሯት። የቀበሌዋን የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም አገናኟት፤ ፕሮግራሙ በ2002 ዓ.ም. ሲጀመር የተመደቡት ነርሶች ነበሩ፣ ቤት ለቤት መሄድ ሥራቸው ነው። የማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ካላቸው ደግሞ ደብተሩ መታደሱን አሁኑኑ አስጠይቁ፣ ሌላ ቀን ታመው ሲመጡ ሳይሆን።

አንዳንዴ ደግሞ ከባዱን ትሰማላችሁ። «አንዳንዴ ጮህኩባቸው፣ አንድ ቀን መታኋቸው» ትላችኋለች እያለቀሰች። አትደንግጡባት። የነገረቻችሁ እንድታስቆሟት ነው። መጀመሪያ አረጋዊው አሁን ደህና መሆናቸውን እዩ፣ ያንኑ ቀን ሌላ ሰው ቤት እንዲገባ አድርጉ፣ ጉዳዩን ለኃላፊያችሁና ለማኅበራዊ ሠራተኛ አሳውቁ፤ ይህንንም ከጀርባዋ ሳይሆን ነግራችኋት። እንቅልፍ ያጣች፣ ምግብ የተወች፣ «ምነው እኔን በገደለኝ» የምትል ከሆነ የሷ ጉዳይ ራሱን የቻለ ሕክምና ነው፤ እጇን ይዛችሁ የአእምሮ ጤና ክፍል አድርሷት።

ቤት ከገቡ በኋላ

በሦስተኛው ቀን ደውሉ። አምስት ደቂቃ ነው። ቆዳቸው እንዴት ነው፣ የትኛው መድኃኒት አልቋል፣ ምን በሉ፣ ሽንት ስንቴ ወጣ፣ አንቺስ ትላንት ስንት ሰዓት ተኛሽ። በሥራ ስልክ ካልሆነ በራሳችሁ መደወል እንደማይመች አውቃለሁ፤ ስለዚህ እኛ ዋርድ ውስጥ አንድ ስልክ ይዘን ተራ እናወጣለን፣ ሚስ ኮል ሲገባም መልሰን እንደውላለን፣ ካርድ የሌላት ሴት ብዙ ናትና። ብዙዎቹ ስልኩን ሲያነሱ መጀመሪያ የሚሉት «ሲስተር፣ ጥፋት አጠፋሁ እንዴ?» ነው። አላጠፋሽም በሏት፣ ከዚያ ስለ ተረከዛቸው ጠይቋት።